የእርቅ ዋስ

እንቁ የመጥረቢያውን ዛቢያ በሁለት እጇ ጨብጣ አልለቅም አለች።

«ልቀቂው፣ ይቆርጥሻል» አላት ቆራጩ። ነጋ ይባላል፤ ከጎረቤት ቀበሌ ለቀን ሥራ የመጣ ጎልማሳ ነው።

«ይቁረጠኝ። ዛፌን ስትቆርጠው መቼ አዘንህ?»

«እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ እቴ። ጠብሽ ከእኔ ጋር አይደለም።»

«ማን ቀጠረህ?»

«ወንድምሽ ነዋ። በሽታ ገብቶበታል፣ ሳይደርቅ ቶሎ ቁረጡልኝ አለን።»

እንቁ በአንድ እጇ ከወደቀው ግንድ ላይ ቅርንጫፍ ዘነጠለችና ፊቱ ላይ ደቀነችው። ቅጠሉ ለምለም ነበር። «የቱ ነው የታመመው? አሳየኛ! ዓይን የለህም?»

ነጋ ቅጠሉን አላየም። ሁለቱ ጓደኞቹ ሥራ አቁመው ከሩቅ ይመለከታሉ። አንደኛው ሳቀ።

«ስሚ፣ ሕገወጥ ሥራ እንዳይመስልሽ» አለ ነጋ። «እግዱ ተነሥቷል ብሎ የፍርድ ቤት ወረቀት አሳይቶናል። ማኅተም አለው።»

«ምን ይላል?»

«ክሴን ትቻለሁ ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ ያንቺ ነው።»

እንቁ ዛቢያውን ለቀቀች።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ የአዲስ ቅዳም ገበያ ቀን። ወንድሟ ትዕዛዙ አስቦበት ነው የመረጠው። እህቱ በጠዋት ጌሾ ይዛ ገበያ እንደምትወርድ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊትም እንደማትመለስ ያውቃል። እሷ ስትመለስ የመሬቱ የላይኛው አጋማሽ ጉቶ ብቻ ሆኖ ነበር። ግንዱ በመጠን በመጠን ተቆራርጦ ተደርድሯል። ለከሰል ክምሩ የሚሆነው ሣር እንኳ ታጭዶ ቀርቧል።

እንቁ ገብረ ማርያም አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ከአዲስ ቅዳም ከተማ በእግር አንድ ሰዓት በሚያስኬድ መንደር ተወልዳ እዚያው ያደገች፣ እስከ አራተኛ ክፍል የተማረች፣ አንዴ አግብታ የፈታች ሴት ናት። ልጅ የላትም። ከባሏ ስትለያይ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። አባቷ ገብረ ማርያም እግራቸው አልታዘዝ ካላቸው ጀምሮ ስድስት ዓመት ጦረቻቸው። አጠበች፣ አበላች፣ አንሥታ አስቀመጠች። በእነዚያ ዓመታት መሬቱንም የያዘችው እሷ ናት።

መሬቱ ሁለት ቃዳ ነው። ግማሽ ሄክታር መሆኑ ነው። ቤቱ በስተዳሩ ይገኛል። በዚህ ወረዳ ሰው መሬቱ ላይ ዲከረንስ የሚሉትን የከሰል ዛፍ ይተክላል። ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል፤ ይቆረጣል፣ ይከመራል፣ አፈር ለብሶ ይከስላል። ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል። መሬቱ ጤፍ ይዘራበታል፣ ከዚያ እንደገና ችግኝ። የገብረ ማርያምን ዛፍ ችግኙን ከፈላበት ቦታ በጀርባዋ ተሸክማ አምጥታ የተከለችው እንቁ ናት። ሊደርስ አንድ ዓመት ሲቀረው አባቷ ሞቱ።

በአርባቸው ማግስት ትዕዛዙ ከከተማ መጥቶ የመሬቱን ደብተር ከሣጥን አውጥቶ ወሰደ። እሱ በሰባት ዓመት ታናሿ ነው። አዲስ ቅዳም ከሰል እየገዛ የሚያስጭን ነጋዴ ሲሆን ከተማ ውስጥ የራሱ ቤት አለው።

«ደብተሩን ለምን ትወስደዋለህ?» ብላ ጠየቀችው።

«የእኔ ስለሆነ ነዋ።»

«እኔስ የማን ልጅ ነኝ?»

«አንቺን አባባ ሲድሩሽ ላም ከነጥጃዋ ሰጥተውሻል። ድርሻሽ እሱ ነው። ባል ጋር መኖር ካቃተሽ የእኔ ጥፋት አይደለም።»

የዚህን አገር ሕግ ያወጡት ሰዎች ለዚህ መልስ አስቀምጠዋል። ሴት ልጅ ከወንድ ልጅ እኩል ትወርሳለች። ይህ በየቀበሌው ስብሰባ ተነግሯል፤ ትዕዛዙም ሰምቶታል። ቸግሮት አይደለም ያልተቀበለው። የሚያስገድደው ስላላገኘ ነው።

እንቁ መጀመሪያ የሄደችው አዲስ ቅዳም ባለው ፍርድ ቤት በር ላይ በጃንጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈው ይኸነው ዘንድ ነው። ይኸነው አንድ ገጽ ጻፈላት። ማመልከቻው አልተሟላም ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛ ጻፈላት፤ ተመለሰ። ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል ወረፋ የምትጠብቅ አንዲት ሴት እንጅባራ ላይ ለድኻ በነፃ የሚሟገቱ የሕግ ባለሙያዎች እንዳሉ ነገረቻት። እንቁ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈረች።

እዚያ ያገኘቻት ናርዶስ ትባላለች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። ከእንጅባራው ፍርድ ቤት ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል፣ ፋይል የተቆለለበት ወንበር ላይ ፋይሉን አንሥታ አስቀመጠቻት። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቀቻት። አባትሽ የሞቱት መቼ ነው? ደብተሩ ላይ የማን ፎቶ አለ? ዛፉን ማን ተከለ፣ ማን አየሽ? ከዚያ ክስ ጻፈች። ከክሱ ጋር አንድ ሌላ ወረቀት ጻፈች፤ ጉዳዩ ውሳኔ እስኪያገኝ ማንም ዛፉን እንዳይቆርጥ፣ መሬቱን እንዳይሸጥ፣ እንዳያከራይ እግድ ጠየቀች። ፍርድ ቤቱ እግዱን ሰጠ። በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተነበበ፤ በሩ ላይም ተለጠፈ።

ወንድሟ ትዕዛዙ ሁለት ወር ሙሉ አንዲት ቅርንጫፍ አልነካም። ይህ መታወቅ አለበት። እግዱ ይሠራ ነበር።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ።

በየካቲት አንድ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሆነው የእንቁ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ከፊት አያ ሽባባው ነበሩ። የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ናቸው፤ በዚያ አካባቢ ያልታረቀ ቢኖር ሽባባው ያልተላኩበት ነው ይባላል። እንቁ በርጩማ አወጣችላቸው።

«አንቀመጥም» አሉ። «የመጣንበትን እሺ ካላልሽን አንቀመጥም።»

«ምንድን ነው የመጣችሁበት?»

«አንቺና ወንድምሽ በአደባባይ ስትካሰሱ የአባትሽ አጥንት ይወቅሰናል። ልናስታርቃችሁ ነው። ነገር ግን ፍርድ ቤት የያዘውን ነገር እኛ አንነካም። ክስሽን አንሺና እንቀመጥ።»

«መጀመሪያ ያካፍለኝ፣ አያ ሽባባው። ያን ቀን አነሣለሁ።»

«እንዲህማ ከሆነ ሽማግሌ ምን ሊሠራ መጣ? ዳኛሽን ጥሪያ!»

«ጠበቃዬን ልጠይቃት።»

«ጠበቃ የገባበት እርቅ አይጸናም። ጠበቃዋ የምትበላው ጠባችሁን ነው።»

ናርዶስ ከእንቁ አንዲት ሳንቲም ወስዳ አታውቅም። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ሄዱ። ዓርብ ተመለሱ፤ አሁንም ቆመው ሄዱ። ሰኞ ተመለሱ። ያን ቀን አብረዋቸው ከመጡት አንዱ እንዲህ አላት፦

«ሦስት ጊዜ ሽማግሌ የመለሰን ሰው ማን ይቀብረዋል?»

ይህ ማስፈራሪያ ነው። በጨዋ ቋንቋ ስለተነገረ ማስፈራሪያነቱ አይቀርም። እንቁ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ስትታመም ውሃ የሚያቀብሏት፣ ስትሞት የሚሸከሟት እነዚህ ሰዎች ናቸው። እሺ አለች። ሦስቱም ተቀመጡ።

ለናርዶስ አልደወለችም። በማግስቱ አዲስ ቅዳም ወርዳ ይኸነውን አገኘችው። ይኸነው ጉዳዩን ሰምቶ ሲጨርስ ወረቀቱ አልቆ ነበር። «ከተከሳሽ ጋር በሽማግሌ ስለ ታረቅን ክሴን ትቻለሁ።» አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እንቁ ስሟን ጻፈች። ዳኛው በፈቃዷ እንደሆነ ጠየቋት፤ አዎ አለች። መዝገቡ ተዘጋ። እግዱም አብሮ ተነሣ።

እርቁ የተደረገው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ነው። ንግግሩ በአዊኛ ነበር፤ ወረቀቱ በአማርኛ ተጻፈ። መሬቱ እኩል ይካፈላል። ልኬቱ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ዛፉን ማንም አይነካም። ትዕዛዙ ፈረመ። ጎንበስ ብሎ የእህቱን ጉልበት ሳመ። ሰው ሁሉ ተመስገን አለ። አያ ሽባባው ብዕሩን ተቀብለው «ዋሱ እኔ ነኝ፤ ቃሉን ቢያጥፍ ከእኔ ጠይቂ» አሉና ፈረሙ።

ወረቀቱ አንድ ነበር። በዚያ አገር የእርቅ ወረቀት ሽማግሌው ዘንድ ይቀመጣል። ለእኔም ይሰጠኝ ያለ ሰው ሽማግሌውን አላምንህም እንዳለ ይቆጠራል። እንቁ አልጠየቀችም። አያ ሽባባው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

በሃያኛው ቀን ቆራጮቹ መጡ።

እሑድ ጠዋት እንቁ ቅዳሴው እስኪያልቅ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። አያ ሽባባው ሲወጡ ከፊታቸው ገባች።

«ዛፉን ቆረጠው።»

«ሰማሁ። በሽታ ገብቶበት ነው አሉ።»

በአካባቢው በእርግጥ ዲከረንሱን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ ነበር። ብዙ ሰው ዛፉን አጥቷል። ትዕዛዙ ውሸቱን ሲመርጥ ሰው ሊያምነው የሚችለውን መርጧል።

«አልገባበትም። ይምጡና በዓይንዎ ይዩት። ግማሹ ገና ቆሟል። ነገ ሰኞ ነው፤ ሊጨርሱት ይመጣሉ። ያስቁሙልኝ።»

«ልጄ፣ ጾም ነው። አሁን ጠብ አናንሣ። ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን።»

«ከፋሲካ በኋላ ምን አለና ነው የሚታየው? ጉቶ?»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ።»

«እርስዎ ዋስ ነዎት!»

«ዋስ የሆንሁት ለእርቁ ነው» አሉ አያ ሽባባው፤ «ለዛፍ ዋስ የሆነ ሰው አይቼ አላውቅም።» አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። እሳቸውም ሳቁና አለፏት።

ሰኞ እንቁ እንጅባራ ነበረች። ናርዶስ ስታያት ፋይሉን ከመደርደሪያ ሳበችው።

«እኔም ልደውልልሽ ነበር። መዝገቡ ተዘግቷል ይላሉ። ከሌላ ሰው መዝገብ ጋር አምታተውት ነው ብዬ ልጨቃጨቃቸው ነበር።»

«አላምታቱም። እኔ ነኝ ያዘጋሁት።»

ናርዶስ ቁጭ አለች። «መቼ?»

እንቁ ሁሉንም ነገረቻት። ናርዶስ የይኸነውን ዓረፍተ ነገር ቅጂ አንብባ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው።

«ይቺ ናት? ይቺ ብቻ? እንደገና የመክሰስ መብቴ ተጠብቆ የሚል የለም?»

«እሱን አልነገረኝም።»

«አያውቅማ! እቴ እንቁ፣ ክስ እንዲህ ባዶውን ከተተወ በዚያው ጉዳይ ተመልሶ አይከፈትም። በሩን ዘግተሽ ቁልፉን ለወንድምሽ ነው የሰጠሽው። ለምን አልደወልሽልኝም? ስልክ ነው፤ አንድ ስልክ!»

«ጠበቃ ከገባ እርቁ አይጸናም አሉኝ።»

«ማን አለሽ? እንዳትደውዪ የፈለገ ሰው ነዋ ያለሽ!»

«አንቺ ልጅ፣ አትጩኺብኝ» አለች እንቁ። እሷም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነበር። «አንቺ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ። እኔ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ነው የምኖረው፣ ከእነሱ ጋር ነው የምቀበረው። ሦስት ቀን ደጄ ላይ ቆመውብኝ ምን ልበል? አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

በሩ ላይ ወረፋ የያዙት ሰዎች ያዳምጣሉ። ከወረፋው አንድ አዛውንት «ልክ ናት» አሉ፤ ለማን እንዳሉ አልታወቀም።

«እሺ» አለች ናርዶስ። «እርቁ በወረቀት ነው የተጻፈው?»

«አዎ።»

«ወንድምሽ ፈርሟል?»

«ፈርሟል።»

«የታለ?»

«አያ ሽባባው ዘንድ።»

«ላንቺ የደረሰሽ ቅጂስ?»

«ቅጂ የለም። አንድ ነው።»

ናርዶስ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳቻት። የተፈረመ እርቅ ራሱ በሕግ የሚያስገድድ ውል ነው። የቀድሞው ክስ ቢዘጋም በእርቁ ላይ ተመሥርቶ አዲስ ክስ ማቅረብ ይቻላል። ወረቀቱ ከተገኘ መሬቱ አልጠፋም። ካልተገኘ ግን ምስክር የሚሆኑት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ለፍርድ ቤት መመስከርን ነውር ያደርጉታል።

«አይሰጡኝም» አለች እንቁ። «በእርቅ ወረቀት ፍርድ ቤት ሄደ የሚባል ነገር አይወዱም።»

«ሽማግሌው ዋስ ብለው ፈርመዋል ነው ያልሽኝ?»

«ፈርመዋል። ቃሉን ቢያጥፍ ከእኔ ጠይቂ ብለዋል። መቶ ሰው ሰምቷል።»

ናርዶስ ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ አንድ ገጽ ጻፈች። ለአቶ ሽባባው የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነው። የዋስትና ግዴታቸውን በአሥር ቀን ውስጥ እንዲፈጽሙ፣ አለበለዚያ ለጠፋው ዛፍና ለመሬቱ ድርሻ እሳቸው ራሳቸው ተከሳሽ እንደሚሆኑ ይገልጻል።

«ያስኬዳል?» አለች እንቁ።

«ላያስኬድ ይችላል። የዋስትና ሕግ ጥብቅ ነው፤ እንዲህ በደፈናው የተፈረመ ዋስትና ዳኛ ሊጥለው ይችላል። ይህን ስነግርሽ ተስፋ እንዳልሰጥሽ ነው። እሳቸው ግን ጠበቃ የላቸውም።»

በዚያ ሳምንት ቆራጮቹ የቀረውን ዛፍ ጨረሱ። እንቁ የምታስቆምበት ወረቀት አልነበራትም። ክምሩ በራፏ ላይ ጨሰ፤ ስድስት ቀን ልብሷ፣ ምግቧ፣ ፀጉሯ ጭሱን ሸተተ። ትዕዛዙ አንድ ቀን መጥቶ ክምሩን ዞሮ አየና በቤቷ በኩል ሲያልፍ ቆም አለ።

«ለሰኔ አራሽ እልካለሁ። ከብትሽን ከመሬቱ አውጪ።»

«ከፋሲካ በኋላ ልታካፍለኝ ፈርመሃል።»

«ምን ላይ?» አለ ትዕዛዙ። «አሳዪኛ።»

ያን ጊዜ ነው እንቁ ወንድሟ ወረቀቱ የት እንዳለ፣ ማንም እንደማያወጣውም ቀድሞ አስልቶ እንደነበር የገባት። ጉልበቷን ሲስም ያውቅ ነበር።

በቀጣዩ እሑድ የእድር ስብሰባ ነበር። ሰማንያ የሚሆኑ አባወራዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ባንተአምላክ የቀሪዎችን ስም አንብቦ ሲጨርስ እንቁ ተነሣች።

«የምናገረው አለኝ።»

«የእድር ጉዳይ ነው?» አለ ባንተአምላክ።

«የቀብር ጉዳይ ነው። እሺ ካላልሽ ማን ይቀብርሻል የተባልሁት እኔ ነኝ።»

እንቁ የናርዶስን ደብዳቤ ዘርግታ ማንበብ ጀመረች። ንባቧ የአራተኛ ክፍል ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው ታወጣለች። ለአቶ። ሽባባው። አንዳንዱ መሳቅ ጀመረ። «ዋስ» ከሚለው ቃል ስትደርስ ሳቁ ቆመ። «ተከሳሽ» ከሚለው ስትደርስ አያ ሽባባው በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«እኔን? እኔን ነው የምትከሺው?»

«አዎ፣ እርስዎን።»

«እቴ፣ አበድሽ እንዴ?» አለ ለስብሰባው ከከተማ የመጣው ትዕዛዙ ከኋላ። «አሁን ደግሞ ሽማግሌ ልትከሺ?»

«አንተ ዝም በል። አንተን ከስሼ ምን አገኛለሁ? አንተ ቃል የለህም። ቃል አላቸው ተብለው የመጡት እሳቸው ናቸው። እግዴን ያስነሡኝ እሳቸው ናቸው። አንተ የቆረጥኸው ዛፍ ነው፤ እሳቸው ግን እጄን ነው ያሰሩት።»

«በሰባ ሁለት ዓመቴ!» አሉ አያ ሽባባው። «ስንት ነፍሰ ገዳይ ያስታረቅሁ ሰውዬ! አንዲት ፈት ሴት በጉባኤ ታዋርደኝ?»

«ፈት ነኝ። ስድስት ዓመት አባቴን ያጠብሁት ፈቱዋ ነኝ። ጨዋው ልጃቸው ከሰል ሲያስጭን ነበር።»

«ከእድሩ ትውጣ!» ጮኹ አያ ሽባባው። «ባንተአምላክ፣ ከዝርዝሩ ሰርዛት! ሽማግሌ የሚከስ ሰው ከእኛ ጋር ቀብር የለውም!»

የተወሰኑ ሰዎች «ትሰረዝ» አሉ። የተወሰኑ ደግሞ «ትናገር» አሉ። ባንተአምላክ መዝገቡን ዘጋ። ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ክፍል ውስጥ እንደሚያደርገው እስኪበርድ ጠበቀ።

«መሰረዙ ይደርሳል» አለ። «መጀመሪያ ይህን ይመልሱልን፣ አያ ሽባባው። ዋስ ብለው ፈርመዋል ወይስ አልፈረሙም?»

«ይህ ምን ጥያቄ ነው?»

«ነገ እኔም ዋስ ብሆን፣ እርስዎም ቢሆኑ፣ ይህ ሰው ሁሉ ማወቅ ይፈልጋል። ፈርመዋል?»

አያ ሽባባው ዙሪያውን አዩ። ሰማንያ ሰው ያያቸዋል። ከእነዚያ መካከል ቢያንስ ሠላሳው በእሳቸው ዋስትና የታረቀ ነው።

«ፈርሜአለሁ» አሉ።

ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትዕዛዙ ዞሩ። «አንተ። ዛፉ ታሞ ነበር?»

«አያ ሽባባው፣ በሽታው እኮ በአካባቢው…»

«ስለ አካባቢው አልጠየቅሁህም።»

ትዕዛዙ ፊቱን አዞረ። አያ ሽባባው ምራቃቸውን ተፍተው ስብሰባውን ጥለው ሄዱ።

በዚህ ቦታ ሰውየው ተጸጸቱ ብሎ መጻፍ ደስ ይል ነበር። አልተጸጸቱም። ማክሰኞ ጠዋት እንቁ በረት ስታጸዳ ከአጥሩ ማዶ ጠሯት። ወደ ግቢው አልገቡም። ወረቀቱን በእንጨት አጥሩ መካከል አሳልፈው ወረወሩላት፤ እበት ላይ ወደቀ።

«እንኪ። እኔን ከመክሰስሽ በፊት እሱን ክሰሺ። ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጪ፤ ብትሞቺም አልቆምልሽም።»

«ዛፌ ሳይቆረጥ ቢሰጡኝ ኖሮ አመሰግንዎ ነበር» አለች እንቁ። ወረቀቱን አንሥታ በቀሚሷ ጠረገችው።

የዚያኑ ቀን እንጅባራ ወሰደችው። ናርዶስ ከማንበቧ በፊት አምስት ቅጂ አስነሣች። አዲሱ ክስ ዓርብ ገባ፤ ከእሱም ጋር መሬቱ እንዳይታረስና እንዳይከራይ አዲስ እግድ ተጠየቀ። ተሰጠ። ትዕዛዙ በሰኔ የላከው አራሽ በሬዎቹን ከእርሻው ጠርዝ ላይ መልሶ ሄደ።

በክርክሩ ትዕዛዙ ጠበቃ ቀጠረ። ጠበቃው እርቁ በሽማግሌዎች ጫና የተፈረመ ነው አለ። ጫናው በእሱ ላይ እንደነበር አድርጎ ነው የተናገረው። ናርዶስ ቀና ብላ አየችው። አያ ሽባባው በመጥሪያ መጥተው ቆሙ። አዲስ ነጭ ጋቢ ለብሰው ነበር።

«ተከሳሹ ይህን ወረቀት ሲፈርም አይተዋል?» አሉ ዳኛው።

«አይቻለሁ።»

«ተገድዶ ነበር?»

«እጁ ሲንቀጠቀጥ አላየሁም። ስቆ ነው የፈረመው።»

«የእርስዎስ ፊርማ ነው ይህ?»

«የእኔ ነው። በዕድሜዬ ፍርድ ቤት ቆሜ አላውቅም። በዚህ ልጅ ምክንያት ቆምሁ።»

«በየትኛው ልጅ?»

አያ ሽባባው ትዕዛዙን አዩ፤ እንቁን አዩ። «በሁለቱም» አሉ።

ፍርድ ቤቱ በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንት ወሰነ። እርቁ የጸና ነው፤ መሬቱ እኩል ይካፈል፤ ቤቱ ያለበት አንድ ቃዳ የእንቁ ይሁን። የዛፉ ካሳ ማስረጃው ተጣርቶ በሌላ መዝገብ ይታይ ተባለ። ከሰሉ በዚያ ጊዜ ተሽጦ፣ ተገዝቶ፣ ነድዶ አልቋል። የዛፉን ብዛት በጉቶ ካልሆነ የሚያስረዳ የለም፤ በትዕዛዙ ድርሻ በኩል ያለው ጉቶ ደግሞ ተነቅሏል።

ከችሎት ሲወጡ ትዕዛዙ ደረጃው ላይ ጠበቃት።

«አሁን ደስ አለሽ?»

«አላለኝም» አለች እንቁ። «ያንተ የሆነ ነገር አልወሰድሁም። የራሴን ለማግኘት ከዓመት በላይ ፈጀብኝ። ምኑ ደስ ይለኛል?»

ናርዶስ በጀርባቸው ሌላ ባለጉዳይ ይዛ ወደ ችሎቱ ትገባ ነበር።

እንቁ በዚያው ወር ጤፍ ዘራች። ትዕዛዙ ይግባኝ ጠየቀ። ይግባኙ በኅዳር ውድቅ ተደረገ።